አራዊት የተቀረጹባቸው የብር ሳንቲሞች፦ የማዕድኑ ዋጋና የምስሉ ዋጋ

በአንድ ገጻቸው የዝሆን፣ የጎሪላ፣ የፓንዳ ወይም የወፍ ምስል ተቀርጾባቸው ከንጹሕ ብር የሚሠሩ ሳንቲሞች በዓለም ዙሪያ በርካታ ሰብሳቢዎችን አፍርተዋል። ከሰብሳቢዎቹ መካከል ገንዘባቸውን ከዋጋ ንረት ለመጠበቅ የሚገዙ ያሉ ሲሆን፣ በምስሎቹ ውበት ተስበው የሚያሰባስቡም ብዙዎች ናቸው።

እነዚህ ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው ሁለት ዋጋ አላቸው። አንደኛው የያዙት ብር ዋጋ ሲሆን፣ ይህም በዓለም ገበያ በየዕለቱ የሚወሰን ነው። ሁለተኛው በላያቸው የተቀረጸው ምስል፣ የታተሙት ሳንቲሞች ማነስና የሰብሳቢዎች ፍላጎት የሚጨምሩት ዋጋ ነው። ሁለቱን ለይቶ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለኪሳራ ሊዳርግ ይችላል። ምስላቸው ለገበያ የዋለው የዱር እንስሳትስ ከዚህ ንግድ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄም አብሮ የሚነሳ ነው።

የሳንቲሞቹ ምንነት

በማዕድን ይዘታቸው የሚሸጡ ሳንቲሞች ለዕለት ተዕለት ግብይት የሚውሉ አይደሉም። አንድ መንግሥት ሕጋዊ ገንዘብ መሆናቸውን አውጆ ክብደታቸውንና የማዕድናቸውን ጥራት በላያቸው ላይ በማስፈር የሚያወጣቸው ሲሆኑ፣ የሚሸጡትም በላያቸው በተጻፈው የገንዘብ መጠን ሳይሆን በያዙት ማዕድን ዋጋ ነው። በካናዳ የሚታተመው የብር ሳንቲም በላዩ 5 ዶላር የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም፣ በውስጡ ያለው ብር ዋጋ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የክብደታቸው መለኪያ ትሮይ አውንስ የሚባል ሲሆን፣ አንድ ትሮይ አውንስ 31 ነጥብ 1 ግራም ያህል ነው። የጥራት ደረጃቸው ከ1000 እጅ 999 ወይም ከ10 ሺህ እጅ 9 ሺህ 999 ንጹሕ ብር ነው። ይህም ከመዳብ ጋር ተደባልቀው ይሠሩ ከነበሩት የቀድሞ መገበያያ የብር ሳንቲሞች ይለያቸዋል።

ከሜዳ እንስሳ ወደ ፓንዳ

በዘመናዊው የማዕድን ሳንቲም ንግድ ላይ የዱር እንስሳ ምስል ቀድሞ የታየው በወርቅ ላይ ነበር። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ በ1967 ያወጣችው ክሩገራንድ የተሰኘ የወርቅ ሳንቲም በአንድ ገጹ የፖል ክሩገርን ምስል፣ በሌላው ገጹ ደግሞ ስፕሪንግቦክ የሚባለውን የሚዳቋ ዝርያ የያዘ ነበር። ይኸው ሳንቲም በብር መታተም የጀመረው 50ኛ ዓመቱ በተከበረበት እ.ኤ.አ በ2017 ሲሆን፣ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ በማዕድን ይዘቱ ለገበያ ይቀርባል።

በብር ረገድ ቀዳሚውን ሥፍራ ከያዙት አንዱ የቻይና ፓንዳ ነው። ቻይና የወርቁን ፓንዳ እ.ኤ.አ በ1982፣ የብሩን ደግሞ በ1983 አውጥታለች። የመጀመሪያው የብር ፓንዳ 27 ግራም የሚመዝንና ከ1000 እጅ 900 ንጹሕ ብር የያዘ ሲሆን፣ የታተመውም በ10 ሺህ ብዛት ብቻ ነበር። አንድ አውንስ የሚመዝነውና ለብዙኃኑ ገዢ የቀረበው የብር ፓንዳ እ.ኤ.አ በ1989 ተከተለ። ከ2016 ወዲህ የሚታተመው ክብደቱ ወደ 30 ግራም ዝቅ እንዲል በመደረጉ፣ ገዢዎች አንድ አውንስ ከሚመዝኑት ጋር ሲያነጻጽሩ ይህን ልዩነት ማስላት ይኖርባቸዋል።

የፓንዳ ሳንቲም ምስል በየዓመቱ የሚለዋወጥ መሆኑ ለተወዳጅነቱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ በ2001 የወጣው ምስል በ2002ም ሳይለወጥ በመታተሙ ሰብሳቢዎች ቅሬታ አሰምተው ነበር። ከ2003 ጀምሮም ምስሉን በየዓመቱ የመቀየሩ ልማድ ተመልሷል። ይህ አጋጣሚ ሰብሳቢዎች ከብሩ ዋጋ በላይ የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ በግልጽ ያሳየ ነው፤ በሁለቱ ዓመታት ሳንቲሞች ውስጥ የነበረው ብር አንድ ዓይነት ቢሆንም የጎደለው አዲስ ምስል ነበርና።

አውስትራሊያም በፐርዝ ከተማ በሚገኘውና እ.ኤ.አ በ1899 በተቋቋመው የሳንቲም ማተሚያ አማካይነት ኩካቡራ የተባለችውን ወፍ የያዘ የብር ሳንቲም እ.ኤ.አ በ1990 ለገበያ አቅርባለች። የኩካቡራ ሳንቲም ምስሉ በየዓመቱ ከመለወጡ ባሻገር የሚታተመው ብዛት ገደብ የተበጀለት ነው። ይኸው ማተሚያ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ኮዋላ የተባለውን እንስሳ የያዘ ሳንቲም ያወጣል።

ካናዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት የዱር እንስሳት ምስሎችን በብር ሳንቲሞች ላይ አውጥታለች። እነርሱም ተኩላ፣ ግሪዝሊ ድብ፣ ፑማ፣ ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዝርያ፣ ፕሮንግሆርን የተባለው ፈጣን የሜዳ እንስሳ እና ጎሽ መሰሉ ባይሰን ናቸው። እያንዳንዱ እስከ 1 ሚሊዮን ብዛት እንዲታተም የተወሰነ ሲሆን፣ ስድስቱን አሟልቶ የመያዝ ፍላጎት ለሽያጩ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

የአፍሪካ አራዊት በአውሮፓ ማተሚያዎች

የአፍሪካ እንስሳትን የያዙ ሳንቲሞች በሰብሳቢዎች ዘንድ ልዩ ተፈላጊነት አላቸው። ከእነዚህ መካከል በሶማሊያ ስም የሚወጣውና 100 ሽልንግ የሚል ጽሑፍ ያለበት የዝሆን ሳንቲም ይገኝበታል። የዝሆኑ ሳንቲም ቀደም ሲል በዛምቢያ ስም ይወጣ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ2004 ወዲህ በሶማሊያ ስም መታተም ቀጥሏል። ሳንቲሙ የሚታተመው በጀርመን ሙኒክ ከተማ በሚገኘው የባቫርያ ግዛት የሳንቲም ማተሚያ ነው።

ርዋንዳም እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ “የአፍሪካ አውንስ” በሚል ስያሜ 50 የርዋንዳ ፍራንክ የተጻፈባቸው የብር ሳንቲሞች እንዲወጡ ፈቅዳለች። የመጀመሪያው ዓመት ሳንቲም ጎሪላን የያዘ ሲሆን፣ በ2009 ዝሆን፣ በ2010 ደግሞ አንበሳ ተከትለዋል። እነዚህም በጀርመን የሚታተሙ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ እ.ኤ.አ በ2019 በዝሆን በመጀመር አምስቱን ታላላቅ አራዊት ማለትም ዝሆንን፣ አንበሳን፣ ነብርን፣ ጎሽንና አውራሪስን በብር ሳንቲም ላይ ማውጣት ጀምራለች።

በእነዚህ ሳንቲሞች ንግድ የአገሪቱ ስምና የእንስሳው ምስል ከአፍሪካ ሲሆኑ፣ የማተሙ ሥራና አብዛኛው ገበያ ግን በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በእስያ ይገኛል። በሞቃዲሾ ገበያ የዝሆኑን ሳንቲም አውጥቶ ዕቃ የሚገዛበት ሰው የለም። ስለዚህም ገዢው አንድ ሳንቲም የአንድ አገር ስም ስለያዘ ብቻ በዚያ አገር የተሠራ ወይም ገቢው ሙሉ በሙሉ ለዚያ አገር የሚውል አድርጎ መገመት አይኖርበትም።

ሁለቱ ዋጋዎች ሲሰሉ

የማዕድኑንና የምስሉን ዋጋ ልዩነት በቀላል ስሌት መመልከት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 30 ዶላር ነው ቢባል፣ በብዛት የሚታተምና ምስሉ የማይለወጥ የብር ሳንቲም በ35 ዶላር፣ በውስን ቁጥር የታተመ የእንስሳ ምስል ያለበት ሳንቲም ደግሞ በ42 ዶላር ሊሸጥ ይችላል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ብር እኩል ነው። ሁለተኛውን የገዛ ሰው ምስሉ ተፈላጊነቱን ቢያጣ፣ ብሩ ብቻ የከፈለውን እንዲመልስለት የብር ዋጋ ከ30 ወደ 42 ዶላር፣ ይኸውም በ40 በመቶ ማደግ ይኖርበታል።

የምስሉ ዋጋ ሲያድግ በአንጻሩ ትርፉ ከብሩ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል። በ10 ሺህ ብዛት ብቻ የታተመው የ1983 የቻይና ፓንዳ በዛሬው ገበያ የሚሸጠው በውስጡ ካለው ብር ዋጋ በብዙ እጥፍ ነው። ሆኖም ዛሬ በየዓመቱ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚታተሙት ሳንቲሞች ሁሉ ይህ ዕድል ይገጥማቸዋል ማለት አይደለም። በቀድሞው ዘመን ብርቅ የሆኑት ሳንቲሞች ብርቅነታቸውን ያገኙት በወቅቱ የገዛቸው ሰው ጥቂት ስለነበረ ነው። ብርቅ ይሆናሉ ተብለው በብዙዎች ተገዝተው የሚቀመጡ ግን ያው በብዙዎች እጅ የሚገኙ ናቸው።

የብሩ ዋጋም ቢሆን ተረጋግቶ የሚቆይ አይደለም። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1980 የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ከሁለት ወራት ጥቂት ቀናት በኋላ ወደ 11 ዶላር ገደማ አሽቆልቁሏል። በአፕሪል 2011 እንደገና ወደ 49 ዶላር ከፍ ብሎ በማርች 2020 ወደ 12 ዶላር ገደማ ወርዷል። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ከ50 ዶላር በላይ ወጥቷል። በ1980 ከፍተኛው ዋጋ ላይ የገዛ ሰው፣ የገንዘቡ የመግዛት አቅም መቀነሱ ሳይታሰብ እንኳ፣ የከፈለውን ለማግኘት ከ40 ዓመታት በላይ መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገዙ ሰዎች ከግብር አንጻር የሚጠብቃቸው ልዩነትም አለ። ለኢንቨስትመንት የሚውል ወርቅ እ.ኤ.አ ከ2000 ጀምሮ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሲሆን፣ ብር ግን የዚህ ነፃነት ተጠቃሚ አይደለም። ገዢው የከፈለውን ታክስ በሚሸጥበት ጊዜ መልሶ ስለማያገኘው፣ ይህም የብር ዋጋ ሊሸፍነው የሚገባ ተጨማሪ ወጪ ይሆንበታል።

ከጠገራ ብር እስከ ዋልያ

ሳንቲምን በብሩ ክብደት መገበያየት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የአገሪቱ ገንዘብ መጠሪያ የሆነው “ብር” የሚለው ቃል ራሱ የማዕድኑ ስም ነው። በሕዝቡ ዘንድ ጠገራ ብር በመባል የሚታወቀውና የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ትሬዛን ምስል የያዘው ሳንቲም 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23 ነጥብ 4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ ካረፉበት እ.ኤ.አ ከ1780 በኋላ በተለያዩ አገሮች ቢታተምም፣ ቀኑ ሳይለወጥ “1780” እንደተባለ ቀርቷል።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም በፓሪስ አሳትመው ያወጡት ብር በአንድ ገጹ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ በሌላው ገጹ አንበሳን የያዘ ነበር። የምኒልክ ብር የያዘው የንጹሕ ብር መጠን ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ለረዥም ጊዜ የለመደውን ጠገራ በመምረጡ አዲሱ ገንዘብ በቀላሉ ሊተካው አልቻለም። ነጋዴው የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቀር እየቆጠረ ትክክለኛነቱን ያረጋግጥ ነበር። አንጥረኛውም እያቀለጠ መስቀልና ጌጣጌጥ ይሠራበት ነበር። ይህ ታሪክ የሳንቲም ዋጋ በብሩ ብቻ ሳይሆን በምስሉ ላይ ሕዝቡ ባለው እምነትም ጭምር እንደሚወሰን ያስረዳል።

ኢትዮጵያ በብር ሳንቲም ላይ የዱር እንስሳቷን ያወጣችበት ጊዜም አለ። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድና የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ በ1974 በተጀመረ መርሐ ግብር በርካታ አገሮች ብርቅዬ እንስሶቻቸውን የያዙ የብርና የወርቅ ሳንቲሞችን ለሰብሳቢዎች እንዲያወጡ አስተባብረዋል። ከሽያጩ ከሚገኘው ገቢ ከፊሉም ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ እንዲውል ተደርጓል።

በዚሁ መርሐ ግብር ኢትዮጵያ 1970 ዓ.ም የተጻፈባቸው ሦስት ሳንቲሞችን አውጥታለች። ባለ 10 ብሩ ጢማሙን ጥንብ አንሳ፣ ባለ 25 ብሩ የደጋ አጋዘንን የያዙ የብር ሳንቲሞች ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ዋልያን የያዘ ባለ 600 ብር የወርቅ ሳንቲም ነው። የብሮቹ ጥራት ከ1000 እጅ 925 ሲሆን፣ በልዩ ጥንቃቄ ለሰብሳቢዎች የታተመው ባለ 25 ብር 35 ግራም ይመዝናል። እነዚህ ሳንቲሞች ገና ከመነሻው ለሰብሳቢዎች የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ በማዕድን ይዘታቸው ብቻ ከሚሸጡት ይለያሉ።

የደጋ አጋዘን ምስል ከብር ባልተሠራው ባለ 10 ሳንቲም ላይም ስለሚገኝ ለብዙው ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። እንስሳው ራሱ ግን ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በተፈጥሮ አይገኝም። ዋና መኖሪያው የሆነው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዋልያ መኖሪያ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1978 ሲሆን፣ ይህም የዋልያ ሳንቲም ከወጣበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ፓርኩ እ.ኤ.አ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሮ ቆይቷል።

አያያዝና ጥንቃቄ

የብር ሳንቲም ለመሰብሰብ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው ዓላማን መለየት ነው። ዓላማው ቁጠባ ከሆነ ከብሩ ዋጋ በላይ የሚጠየቅበት ጭማሪ ዝቅተኛ የሆነውን መምረጥ ይጠቅማል። ዓላማው ምስሎችን ማሰባሰብ ከሆነ ደግሞ ጭማሪውን እንደ ትርፍ ማግኛ ሳይሆን ለደስታ እንደሚከፈል ወጪ መቁጠር ይገባል። በሁለቱም መንገድ ሻጩ መልሶ የሚገዛበትን ዋጋ ከመግዛት በፊት መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

ሁለተኛው ከሐሰተኛ ሳንቲም መጠንቀቅ ነው። ተፈላጊነታቸው ከፍ ያለ ሳንቲሞች፣ በተለይም የቀድሞ ዓመታት ፓንዳዎች፣ በተደጋጋሚ ተመሳስለው ይሠራሉ። ክብደትን በትክክለኛ ሚዛን፣ ስፋትንና ውፍረትን በመለኪያ አረጋግጦ ማተሚያው ካወጣው መጠን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ብር በማግኔት የማይሳብ በመሆኑ በማግኔት የሚሳብ ሳንቲም ሐሰተኛ መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቃል። ነገር ግን መዳብና እርሳስም በማግኔት ስለማይሳቡ ይህ ፈተና ብቻውን በቂ አይሆንም። ብር በኩብ ሴንቲ ሜትር 10 ነጥብ 49 ግራም የሚመዝን ሲሆን መዳብ ከዚህ የሚቀል በመሆኑ፣ በመዳብ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም ክብደቱ እንዲሟላ ከተደረገ ውፍረቱ ወይም ስፋቱ ያጋልጠዋል።

ሦስተኛው አቀማመጥ ነው። ብር በአየር ውስጥ ከሚገኙ የሰልፈር ውሁዶች ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። የጠቆረን ሳንቲም በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት ለጌጣጌጥ የተለመደ ቢሆንም፣ በሳንቲሙ ገጽ ላይ ጭረት ስለሚተው የሰብሳቢ ዋጋውን ያሳጣዋል። ሳንቲሙን ጠርዙን ብቻ ይዞ ማንሳት፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ክብ መያዣ ውስጥ ማኖርና እርጥበት ከሌለበት ሥፍራ ማስቀመጥ ይመከራል። ለስላሳና ሽታ ያለው ተራ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ሳንቲሙን ስለሚጎዳ መጠቀም አይገባም።

አራዊቱ ያገኙት

በሳንቲም ላይ የተቀረጹት እንስሳት ዕጣ አንድ ዓይነት አልሆነም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2016 ፓንዳን ከፍ ካለው ወደ አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው የሥጋት ደረጃ ያወረደው ሲሆን፣ በ2018 የተራራ ጎሪላም ቁጥሩ ከ1 ሺህ በላይ በመድረሱ ደረጃው ተሻሽሏል። በአንጻሩ ኅብረቱ በ2021 የአፍሪካ ሣር ምድር ዝሆንን ለመጥፋት በተቃረቡት ተርታ አስቀምጧል። አውስትራሊያም በ2022 በምሥራቃዊ ግዛቶቿ የሚገኘው ኮዋላ ለመጥፋት የተቃረበ መሆኑን በሕግ አውጃለች።

ፓንዳና ጎሪላ የተሻሻለ ውጤት ያስመዘገቡት መኖሪያቸው በመከለሉ፣ አደን በመከልከሉና በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ ከጥበቃው ተጠቃሚ በመሆኑ እንጂ ምስላቸው በብር ላይ ስለተቀረጸ አይደለም። ሳንቲም ለእንስሳቱ በቀጥታ ሊጠቅም የሚችለው እንደ 1970ዎቹ መርሐ ግብር ከሽያጩ የተወሰነው ገንዘብ ለጥበቃ እንዲውል አስቀድሞ ሲደነገግ ነው። ከዚህ ውጪ የሚወጡት ሳንቲሞች እንስሳውን ለዓለም ከማስተዋወቅ ያለፈ ድርሻ የላቸውም።

ከ1970 ዓ.ም ወዲህ ባሉት ዓመታት የዋልያው ወርቅና የአጋዘኑ ብር ክብደታቸው ሳይጎድል በሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚገኙት ዋልያና አጋዘን ግን በየዓመቱ ጥበቃ ካልተደረገላቸው በስተቀር ባሉበት የሚቆዩ አይደሉም። ብር ቢቀልጥ ተመልሶ ሊቀረጽ የሚችል ሲሆን፣ ከምድር የጠፋ ዝርያ ግን በምስሉ ብቻ ይቀራል።